ስልኩ ያልተቀበለው አፍ

አመተሥላሴ በመንዟ የመሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ጥርስ ታክማለች። ሰዉ «ዶክተር» ይላታል። «ዶክተር አይደለሁም፣ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ ነኝ» እያለች ስታርም ኖራ በመጨረሻ ሰልችቷት ትታዋለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ መንጋጋ ስትነቅል ትንሽ የእንጨት ሳጥን ላይ ትቆማለች። ክንዷ ግን ብርቱ ነው። ከግሼም ከሞላሌም የሚመጣው ሕመምተኛ ጉንጩን በነጠላ ጠፍሮ፣ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው የሚደርሳት። የሚሞላ ጥርስ ይዞ የሚመጣ ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ስትነቅል ትውላለች። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከድካሙ ይልቅ «ምነው ትንሽ ቀደም ብለው በመጡ» የሚለው ሐሳብ ነበር የሚከብዳት።

ዶክተር በኃይሉ የሚባል የኮምፒውተር መምህር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ስለ ጥናቱ ሲነግራት ወዲያው እሺ ያለችውም ለዚሁ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶች የሕመምተኛውን አፍ በስልክ ፎቶ ያነሣሉ። ስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይላል። ቀይ ከሆነ ያንኑ ዕለት ለአመተሥላሴ ይደርሳታል፤ እሷም «ቶሎ ላኪልኝ» ትላለች። ለቢጫው ቀጠሮ ትሰጣለች፣ አረንጓዴው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሲጀምሩት ግን ቀላል አልሆነም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተማረው ከሌላ አገር ሰዎች አፍ፣ በደማቅ መብራት ከተነሡ ፎቶዎች ነበር። የመንዝ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን ቆሎ የቆረጠሙበትን ጥርስ ሲያይ ሁሉንም «የበሰበሰ» እያለ ቀይ አደረገባቸው። ጤነኛ አዛውንቶች ተጠርተው በዝናብ መጥተው በብስጭት ተመለሱ። አመተሥላሴና በኃይሉ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ «ይህ በመቆርጠም ማለቅ ነው፣ ይህ መበስበስ ነው» እያሉ ለወራት አስተማሩት። ፕሮግራሙም ቀስ በቀስ ተሻሻለ። የሁለተኛው ዓመት ግንቦት ላይ እሷ ቀይ ያለችውን እሱም ቀይ ማለት ጀመረ። በኃይሉ ደስ ብሎት ውጤቱን ለመጻፍ ተዘጋጀ።

ያን ዓመት ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከራቤል ስልክ ተደወለላት። የደወለችው ጌታነሽ ናት፤ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንቃቃዋ።

«ጠዋት አንድ ሕመምተኛ አንሥቼልሽ ነበር፤ ደርሶሻል?»

«ዛሬ ከራቤል ምንም አልደረሰኝም። ዳታ ጠፍቶ ይሆናል።»

«ዳታው አይደለም። ስልኩ ራሱ አልቀበልም አለኝ። ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው፤ ሦስቱንም ‹ምስሉ ግልጽ አይደለም› ብሎ ጣለው። የድጓ መምህሩ የኔታ መርስዔ ኃዘን ናቸው።»

«ለምን ግልጽ ሆኖ አልነሣ አለሽ?»

«አፋቸውን መክፈት አልቻሉማ። ጣቴ እንኳ አይገባም።»

አመተሥላሴ በእጇ የያዘችውን መቆንጠጫ አስቀመጠች።

«አሁን የት ናቸው?»

«መድኃኒት ሰጥቻቸው ሄዱ። ነገ ሚካኤል አይደል? ማሕሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ስልኩም ምንም ስላላለ… እኔ እንጃ፣ ልቤ አልረጋ አለኝ።»

«ስሚኝ ጌታነሽ። ከአገጫቸው ሥር አይተሻል?»

«አብጧል። በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፣ በሁለቱም ነው። ስነካው ጠጣር ነው።»

«ምራቃቸውን ይውጣሉ?»

«በመሐረብ ሲጠርጉ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ድምፃቸውም ጨርቅ የጎረሱ ያህል ታፍኗል። የኔታ እኮ ሲያዜሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ይሰማሉ።»

አመተሥላሴ ይህን በሽታ በተማሪነቷ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የሚጀምር መግል ወደ ምላስ ሥር ዘልቆ ምላስን ወደ ላይ ያነሣና የመተንፈሻውን መንገድ ይዘጋል። ያኔ ያየችው ሰው ጠዋት በእግሩ ገብቶ ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ ነበር የወጣው።

«አሁኑኑ ሄደሽ አምጫቸው» አለቻት። «ነገ አይባልም። አምቡላንሱን ጥሪ፤ ግሉኮስና መርፌውን ያዢ። ጌታነሽ፣ በምንም ምክንያት እንዳታስተኛቸው። ቁጭ እንዳሉ ይምጡ።»

አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ርቆ ሄዶ ነበር። ጌታነሽ የጤና ጣቢያውን ጥበቃና ከሰው የተዋሰችውን በቅሎ ይዛ፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ከራቤል ወጣ ብሎ ወዳለው ደብር ሄደች። ጉም ወርዶ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑን ያየችው አጠገቡ ስትደርስ ነው።

የኔታ መርስዔ ኃዘን ከቅኔ ማሕሌቱ በር አጠገብ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቻቸው ቆመው የሌሊቱን ቃለ እግዚአብሔር ያጠናሉ። እሳቸው ግን ሲሳሳቱ በእጃቸው ብቻ ነበር የሚያርሙት። ጌታነሽን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስልክሽ ምንም የለብህም ብሎኝ የለ?» አሉ። ቃሉ ተጎትቶ ነው የወጣው።

«የኔታ፣ ምንም የለብዎትም አላለም። አላየሁም ነው ያለው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም፣ የኔታ።»

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ መለሱ። በደብሩ ታሪክ የሚካኤል ማሕሌት ያለ መሪ ቀርቶ አያውቅም፣ ለጥርስ ብለው ደግሞ የመጀመሪያው ሊሆኑ አልፈለጉም። ጌታነሽ ስልኳን አውጥታ ኔትወርክ ያለበትን ጥግ በግቢው ውስጥ ፈለገች። ከዋርካው ሥር ሁለት መስመር አገኘች። አመተሥላሴ አነሣች። ጌታነሽ የኔታን በክንዳቸው ይዛ እስከዚያ አምጥታ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገች።

«የኔታ፣ አመተሥላሴ ነኝ፣ የመሐል ሜዳዋ። ብዙ አላደክምዎትም። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። እስኪ ምራቅዎን ይዋጡልኝ።»

የኔታ ለመዋጥ ሞከሩ። አንገታቸው ተገታተረ፣ ዐይናቸው ፈጠጠ፣ ከዚያ ሳላቸው መጣ። ሳሉ ሊቆም አልቻለም። ተማሪዎቹ ዜማውን አቋርጠው ዞሩ። ሳሉ ሲበርድላቸው የኔታ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ትንፋሻቸው እያፏጨ፣ መቋሚያቸውን ከሁሉ ለሚበልጠው ተማሪ ሰጡና ወደ በቅሎው ሄዱ።

ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ የተገኘው መኪና በግ የጫነ አይሱዙ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጋቢናውን ለቀቀላቸው፤ ረዳቱ ከበጎቹ ጋር ወደ ኋላ ወጣ። ጌታነሽ የግሉኮሱን ከረጢት ከመስታወቱ በላይ ካለው ማንጠልጠያ ላይ አሰረች፣ መድኃኒቱን በደም ሥራቸው ሰጠች። የኔታ እየደከሙ ሲመጡ ወደ ጎን ማዘንበል ፈለጉ። እሷ ጀርባቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ አገጫቸውን በመዳፏ ወደ ላይ ይዛ፣ «ቀና ይበሉ የኔታ፣ ቀና ይበሉ» እያለች ነው የመጣችው። አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ወርዶ ድንጋይ ሲወትፍ፣ በጎቹ ሲንጫጩ፣ እሷ የምትሰማው የኔታን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከእርሻ የሚመለሱ ገበሬዎች ደርሰው ገፉላቸው። ማን እንደሆኑ እንኳ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም።

መሐል ሜዳ ላይ አመተሥላሴ ለጌታነሽ በተደጋጋሚ ደወለች። ስልኩ አይነሣም። ፍቅረ ሥላሴ፣ የሆስፒታሉ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያ፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉን እያዘጋጀ ነው። የእሱ ሥራ በአብዛኛው በምጥ የተቸገሩ እናቶችና ትርፍ አንጀት ነው።

«ወደ ደብረ ብርሃን ብናሳልፋቸውስ?» አላት።

«መንገድ ላይ ይዘጋባቸዋል።»

«አመተሥላሴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ ከፍቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ሲከፍት አንድ ጊዜ ይዣለሁ።»

«እኔም አንገት ከውጭ ከፍቼ አላውቅም።»

ከዚያ ፍቅረ ሥላሴ ደብረ ብርሃን ለሚያውቀው የቀዶ ጥገና ሐኪም ደውሎ ስልኩን ጮክ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሐኪሙ የቢላውን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ መነካት የሌለባቸውን የደም ሥሮች በዝርዝር ነገራቸው። «ማደንዘዣ ሰጥታችሁ እንዳታስተኙት» አላቸው። «ከተኛ አይነሣላችሁም። ቁጭ ብሎ፣ ነቅቶ ሳለ ሥሩት።»

አይሱዙው ግቢው ውስጥ ሲገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የኔታ በራሳቸው እግር ሊወርዱ ሞክረው ጉልበታቸው ከዳቸው። ምላሳቸው በጥርሶቻቸው መካከል ይታያል። በከንፈራቸው ዙሪያ ቀለማቸው መለወጥ ጀምሯል።

አልጋው ላይ ቁጭ እንዳሉ ኦክስጅን አደረጉላቸው። ጌታነሽ ከኋላ ጭንቅላታቸውን ያዘች። አመተሥላሴ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ቆዳ በመርፌ አደነዘዘች። ፍቅረ ሥላሴ የጉሮሮ መክፈቻውን ዕቃ ፈትቶ በቀኙ አስቀምጦ ቆመ፤ ትንፋሹ ቢቆም የእሱ ተራ ነው።

«የኔታ፣ ያማል። እንዳይነቃነቁብኝ» አለች። ዐይናቸውን ጨፍነው በመክፈት እሺ አሏት።

ሳጥኗን አስመጥታ ቆመችበትና ቆረጠች። መጀመሪያ ደም ብቻ ነው የወጣው። መቆንጠጫውን አስገብታ ወደ ጥልቁ ከፈተች፤ ምንም የለም። የኔታ እጃቸውን አነሡ፣ ደረታቸው ወጣ ገባ ሲል አየር የሚገባ አይመስልም። ፍቅረ ሥላሴ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ልጀምር?» አለ። «ቆይ» አለችው። ቆይ ያለችበትን ድፍረት ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አታውቅም። መቆንጠጫውን ወደ ግራው መንጋጋ ሥር አዙራ ገፋችው። የሚሸት፣ ውኃ መሰል መግል በእጇ ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ በጠረኑ ተሞላ። በሌላውም በኩል ከፈተች።

ወዲያው የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሦስቱም የየኔታን ትንፋሽ አዳመጡ። ፉጨቱ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ለስለስ አለ። ምላሳቸው ጥቂት ወደ ውስጥ ተመለሰ። የኔታ ምራቃቸውን ሊውጡ ሲሞክሩ አዩአቸው። ዋጡ። ጌታነሽ ጭንቅላታቸውን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች።

የሚካኤልን ማሕሌት ያ ትልቁ ተማሪ መራው። የኔታ ሆስፒታል ሰነበቱ፤ አፋቸው መከፈት ሲጀምር አመተሥላሴ የነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነውን መንጋጋ ነቀለች። ወደ ራቤል የተመለሱት በሐምሌ ነው። ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ ሻካራ ሆኖ ቆየ።

በኃይሉ ነገሩን ሰምቶ መጣ። አመተሥላሴ ሕመምተኛ እያላት በሩ ላይ ስታየው ገና ሰላም ሳትለው ጀመረች።

«ፕሮግራምህ ሰው ሊገድል ነበር።»

«ፕሮግራሙ ምንም አልወሰነም እኮ። ግልጽ ያልሆነ ምስል ተጥሏል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ነው የሠራነው። የደበዘዘ ፎቶ እንዲማርበት ብንፈቅድ የሚማረው ስሕተት ነው።»

«አፉ የማይከፈት ሰው ፎቶው እንዴት ግልጽ ይሆናል? አለመከፈቱ እኮ ነው በሽታው!»

በኃይሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ አልነበረም።

«አመተሥላሴ፣ ደንቡን ያወጣነው አብረን ነው» አላት በመጨረሻ። «‹የደበዘዘ አትላኩብኝ፣ ጊዜዬን ያጠፋብኛል› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ መጥፎው ፎቶ ሲወጣ የፕሮግራሙ ውጤት ከፍ ይልልኝ ነበር።»

እውነት ነበር። ቃሏን አስታወሰች። በሕመምተኛ ተጨናንቃ፣ የአውራ ጣትና የጣሪያ ፎቶ እየደረሳት ተናድዳ ያለችው ነው። ሁለቱም ጥሩ ነገር ያደረጉ መስሏቸው፣ ከሁሉ የታመመውን ሰው መርጦ የሚጥል ወንፊት ሠርተዋል። ከአንድ ዓመት ተኩል ሥራ በኋላ ፕሮግራሙ እጅግ አደገኛ የሆነውን በሽታ አንድም ጊዜ አላየም፤ ያሳየውም የለም።

«የተጣሉት የት ናቸው?» አለች።

«አሉ። ስልኩ ሲጥላቸው ወደ እኔ ኮምፒውተር ይገባሉ እንጂ አይጠፉም።»

ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አዩአቸው። አብዛኞቹ በእርግጥ የማይረቡ ነበሩ፤ ጣት፣ ጨለማ፣ የተንቀጠቀጠ ከንፈር። አመተሥላሴ በፍጥነት ስታልፍ ቆይታ አንዱ ላይ ስትደርስ እጇን ገታች። ጥለት ያለው ነጠላ የከበበው የሴት አገጭ ነው። አፍ ጥቂት ብቻ ተከፍቷል፤ የግራ መንጋጋው ሥር እንደ እንቁላል አብጧል። ከሞላሌ የተላከ፣ ወር ያለፈው ፎቶ ነበር። ሌላም አገኘች፣ በግንቦት ከሌላ ጤና ጣቢያ የመጣ። ይህኛው የባሰ ነው። የወንድ ይሁን የሴት እንኳ አይለይም፤ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለው የምላስ ጫፍ ብቻ ይታያል።

«ስማቸው ማን ነው?»

«ስም የለም። ሰው እንዳይታወቅ ብለን ስሙን አውጥተን ቁጥር ሰጥተናል። ፈቃድ የተሰጠን በዚያ ስምምነት ነው።»

«ታዲያ ማን እንደሆኑ በምን ላውቅ?»

«ፎቶውን ያነሣው ነርስ ካስታወሰ ነው።»

ያን ቀን የነበራትን ቀጠሮ ለሌላ ቀን አዛወረችና ከበኃይሉ ጋር በሚኒባስ ወደ ሞላሌ ወረዱ። ነርሱ ፎቶውን ሲያይ ነጠላዋን አወቀው፤ «ሰርካለም ናት፣ ገብስ የምትሸጠው» አለ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በእህል ተራው መካከል ሲፈልጉ አመተሥላሴ የሴትየዋን ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳታገኘው ፈርታለች።

ሰርካለምን ከከረጢቷ ኋላ ተቀምጣ አገኟት። አገጯን በሻሽ ጠቅልላለች። ማን እንደሆኑ ሲነግሯት ሻሹን ፈታ አሳየቻቸው። መግሉ ቆዳዋን በስቶ በራሱ ወጥቷል፤ አሁንም ያዣል።

«ፎቶ አንሥታችሁ ወሰዳችሁ፣ ከዚያ ዝም አላችሁ» አለች። «በየቀኑ ነገ ይጠሩኛል እያልኩ ስጠብቅ ነበር። የቁስሉ ሽታ ከሰው አራቀኝ። ገበያተኛው እንኳ እህሌን አሽትቶ ነው የሚያልፈው።»

በኃይሉ «ፎቶሽ ግልጽ ስላልነበረ…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ግልጽ ካልነበረ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

አመተሥላሴ ከከረጢቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ እትዬ ሰርካለም። አሁን ግን አብረሽኝ ሂጂና ጥርሱን ላውጣልሽ።» ሴትየዋ ገብሷን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ተነሣች። በኋላ ሌላ ፎቶ ለማንሣት ፈቃዷን ሲጠይቋት ግን እንቢ አለች፤ ማንም አላስጨነቃትም።

ጥናቱ በታሰበው ጊዜ አላለቀም። በኃይሉ የጻፈውን ውጤት ቀድዶ እንደ አዲስ ጀመረ። የተጣሉት ፎቶዎች ሲቆጠሩበት ያ ከፍ ያለ ውጤት ወረደ፤ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አልተደሰቱም፣ እሱ ግን እንዳለ አቀረበው። አሁን ስልኩ ፎቶውን ካልተቀበለ ዝም አይልም። «አፍ ይከፈታል? ምራቅ ይዋጣል? አንገት አብጧል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ መልስ እንኳ ክፉ ከሆነ ነርሷ እንድትደውል ያዛል። አሁንም ይሳሳታል። ኔትወርክ ሲጠፋም ያው ጌታነሽና በቅሎው ናቸው የሚቀሩት።

የምላስ ጫፍ ብቻ የሚታይበትን ያን ሁለተኛውን ፎቶ ያነሣው ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ስልኩም አይሠራም ነበር። አመተሥላሴ ነገሩን መተው አቃታት። የዚያ አካባቢ ካህናትን ለመነችና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ አስነገረች፦ በግንቦት ወር በጤና ጣቢያው አፉን ፎቶ የተነሣ፣ አፉ አልከፈት ብሎት የነበረ ሰው ካለ፣ ወይም እንዲህ ሆኖ ያረፈ ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ ይምጣ።

በማግስቱ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ግቢው በሰው ተሞልቶ ጠበቃት። ጉንጩን የጠፈረ፣ ልጁን ያዘለ፣ በምርኩዝ የመጣ፤ ፎቶ የሚባል ነገር ተነሥቶ የማያውቅ ሁሉ ጥርሱን ያመመው መጥቷል። እያንዳንዱን «በግንቦት ተነሥተህ ነበር?» እያለች ጠየቀች። አንዳንዱ አዎ አለ፣ አንዳንዱ ወሩን አላስታወሰም። ከመካከላቸው ያ ሰው ይኑር አይኑር ማወቅ አልቻለችም። ሳጥኗን አስተካክላ ቆመችበትና የመጀመሪያውን ሰው አፍህን ክፈት አለችው።